«ቆላ ወርደህ ነበር?»፦ የአየር ንብረት ለውጥና የጎጃም ጤና

ደጋ ላይ አንድ ወጣት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ብሎት ጤና ጣቢያ ሲሄድ አንድ የተለመደ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ቆላ ወርደህ ነበር?»

ጥያቄው ያለ ነገር አልመጣም። ጎጃም ውስጥ ወባ ለረጅም ዘመን የቆላ በሽታ ነበር። ከዓባይ በረሃ፣ ከጃዊ ወይም ከመተማ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ይጠረጠራል። ከሰፈሩ ያልወጣ የደጋ ሰው ሲያተኩሰው ግን «ብርድ መቶት ነው» ይባላል። የድሮ ሰው «ንዳድ» ሲል የሚፈራው ያን የቆላ ትኩሳት ነበር።

አሁን ግን ወሬው ተቀይሯል። «ደጋም ወባ ገባ» የሚለው ንግግር በገበያውም በለቅሶ ቤቱም ይሰማል። ምክንያቱ ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዱ ዘመኑ ሞቋል ይላል። ሌላው አጎበር ስለጠፋ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ግጭቱ ነው ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን ሲያስታውቅ ክርክሩ ባሰበት። ከሕሙማኑ 18 በመቶ ያህሉ ከአማራ ክልል ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ ክርክሩን ለመፍታት ሳይሆን ለመዘርዘር የሚሞክር ነው። አየሩ ሲሞቅ ሰው እንዴት ይታመማል? አየሩ የቱን ያህል ተጠያቂ ነው? ከእሱ ውጭ ያለውስ?

አንድ ክረምት አየር ንብረት አይደለም

በቅድሚያ ሁለት ቃላት እንለይ። የአየር ጠባይ የምንለው የዛሬውን ወይም የዚህን ሳምንት ዝናብና ፀሐይ ነው። የአየር ንብረት ግን የአንድ አካባቢ የረጅም ጊዜ ጸባይ ነው። ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዓመት አማካይ ይለኩታል። ስለዚህ በአንድ ሐምሌ የወረደ በረዶ ለብቻው የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ቀዝቃዛ ታኅሣሥም ለውጡን አያፈርሰውም።

ለውጡን የሚያመጡት ሙቀት አማቂ ጋዞች ይባላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ዋናዎቹ ናቸው። ሥራቸው እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ በራሱ ሙቀት አይፈጥርም። የገላን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል፣ ደን ሲመነጠር ጋቢው እየወፈረ ይሄዳል። ከዓለም ዓመታዊ ልቀት የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የጮቄ ተራራ ገበሬ ጋቢውን አልሸመነውም፤ ሙቀቱ ግን ደርሶታል።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል።

አንድ ዲግሪ ስንት ሜትር ነው?

ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን በመኪና የወጣ ሰው ይህን ነገር በገላው ያውቀዋል። ታች ሸሚዝ ይከብዳል። መስኮት ይከፈታል። ጠመዝማዛውን ጨርሶ ደጀን ሲደርስ ጃኬት ይፈለጋል። በዚያች አጭር መንገድ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። በግርድፉ ሲሰላ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ስሌቱን እንገልብጠው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የድሮው የቆላ ሙቀት ወደ 160 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በ1.3 ዲግሪ ደግሞ ከ200 ሜትር ያልራቀ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን የከፈልነው መሬት ባለበት ነው። ድንበሩ ግን ተንቀሳቅሷል።

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የወባ ሥራ የሚሠራበት መስመር 2,000 ሜትር ነበር። ከዚያ በታች ወባማ ነው፤ ከዚያ በላይ ስጋቱ አነስተኛ ነው ይባል ነበር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከመስመሩ በታች ነች። ቡሬና ዳንግላ ግን ከመስመሩ ብዙም ሳይርቁ በላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም 2,100 ሜትር አካባቢ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ ናት። 200 ሜትር የሚባለው ቁጥር ለደብረ ማርቆስ ብዙ ላይሆን ይችላል። ለቡሬና ለዳንግላ ግን በወባማና ወባማ ባልሆነ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ነው።

የቢንቢዋ ዕድሜ

ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ሴት ቢንቢ ናት። ጥገኛ ተህዋሲው ከታማሚው ደም ወደ ሆዷ ከገባ በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው አይሻገርም። ሆዷ ውስጥ መብሰል አለበት። የሚበስልበት ጊዜ በሙቀቱ ይወሰናል።

አደገኛው የወባ ዓይነት ፋልሲፓረም ይባላል። በ18 ዲግሪ ሙቀት ለመብሰል ሃምሳ አምስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በ20 ዲግሪ ሃያ ስምንት ቀን ይበቃዋል። በ25 ዲግሪ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ብቻ። ቢንቢዋ በአብዛኛው የምትኖረው ጥቂት ሳምንታት ነው። ስለዚህ በ18 ዲግሪ ጥገኛው ሳይበስል እሷ ትሞታለች። በ20 ዲግሪ ጥቂቶቹ ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ብዙዎቹ። ደጋን ከወባ የጠበቀው ይህ የቀናት ሽሚያ ነው። ሁለት ዲግሪ ሽሚያውን በግማሽ ያሳጥረዋል። ቫይቫክስ የተባለው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ቀዝቀዝ ባለ አየርም ይበስላል። ለዚህ ነው ከፍ ባለ ቦታ ቀድሞ ሊታይ የሚችለው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ቢንቢዋ ደም ከጠጣች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የምታርፈው ውጭ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ምድጃው ሲነድና ከብቱ እዚያው ሲያድር የደጋ ቤት ከውጭው አየር ይሞቃል። በሜትሮሎጂ ጣቢያ የሚለካው ሙቀት እሷ ያረፈችበትን ግድግዳ ሙቀት አይነግረንም።

ዝናቡስ? ቢንቢ የምትራባው በትንንሽ የቆመ ውሃ ነው። የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ፣ ጡብ የተጠፈጠፈበት ጉድጓድ፣ የመንገድ ሥራ ትቶት የሄደ ቦይ ይበቃታል። ከባድ ዝናብ የቢንቢዋን እጭ ጠርጎ ይወስደዋል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ውሃው ይቆማል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታው ለዚህ ነው። ድርቅም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። የሚፈስ ወንዝ ሲጎድል ዳር ዳሩ ኩሬ ኩሬ ይሆናልና።

በዚህ ጉዳይ ከጎጃም የወጣ አንድ ትምህርት በተለይ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ቡሬ አካባቢ ያሉ መንደሮችን አነጻጸረ። በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች የወባ መጠን ከሌሎቹ ከ9 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የበቆሎው ጽጌ ብናኝ ነው። ብናኙ በአቅራቢያው ባለ ኩሬ ላይ ሲረግፍ የቢንቢዋ እጭ ይመገበዋል። እጩ በፍጥነት ያድጋል። የሚወጣው ቢንቢም ጠንካራ ይሆናል። ዘግይቶ የሚደርስ የበቆሎ ዝርያ ብናኙን የሚያረግፈው ልክ ቢንቢዋ በምትራባበት ወቅት ነው። ይህ ግኝት የአየሩን ሚና አይሽርም። የማሳው ምርጫ ግን የአየሩን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያሳያል። በእኔ ግምት በክርክራችን ውስጥ በጣም የተዘነጋው ነጥብ ይህ ነው።

ቆላ የሚወርደው የሰው ጉልበት

በየዓመቱ ብዙ የጎጃም ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ጃዊ፣ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። በዚህ ጉዞ ላይ ጤናና አየር ንብረት በሁለት በኩል ይገናኛሉ።

አንደኛው የመከላከል አቅም ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚገኝበት አገር አዋቂ ሰው ደጋግሞ ታሞ በከፊል ይለምደዋል። ከባዱ ሕመም በብዛት ሕፃናት ላይ ይወድቃል። የደጋ ወጣት ግን ለወባ እንግዳ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ጎበዝ እንደ ሕፃን ይወድቃል። አየሩ ሞቆ ወባ ደጋ ድረስ ሲወጣም ችግሩ ይኸው ነው። ሕፃኑም እናቱም አባቱም እኩል እንግዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ የሚታወሰው በዚህ ነው። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ ቦታዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በዚያ ዓመት ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተገናኝተው ነበር።

ሁለተኛው ምርት ነው። ደጋ ላይ ዝናቡ ሲዛባ ቤተሰቡ የጎደለውን የሚሞላው ልጁን ቆላ ልኮ ነው። መጥፎ ክረምት ብዙ ሰው ይልካል። የተላከው ሰው በሜዳ ላይ፣ በዳስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አጎበር ያድራል። በጠራራ ፀሐይ ሲያጭድ ውሎ ውሃ ካላገኘም በሙቀት ይታመማል። ከዚያም ሌላ ስጋት አለ፤ ካላዛር። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ናት። በበጋ በሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ ታርፋለች። ካላዛር ጣፊያንና ጉበትን ያሳብጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። ከመተማና ከሁመራ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ወባ ብቻ ብሎ መዝጋት ስህተት ነው።

ውሃው ሲበዛም ሲጠፋም

የተቅማጥ በሽታና ውሃ ያላቸው ዝምድና ግልጽ ነው። ክረምት ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ሜዳ ላይ የተጣለውን ዓይነ ምድር ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ይከተዋል። ያልተከደነ ምንጭ በአንድ ሌሊት ይበከላል። ሞቃት አየር ደግሞ ለጀርሞች መራባት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ቋራ በሚገኘው በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ከብዙ አካባቢ የመጣ ሰው በጠባብ ቦታ ተሰብስቦ አንድ ውሃ ሲጋራ የሚደርሰውን አሳይቷል።

በበጋ ደግሞ ሌላኛው ጎን ይመጣል። ጮቄ ለጎጃም የውሃ ማማ ነው። ብዙ ወንዞች ከእሱ ይነሳሉ። ምንጭ ቀድሞ ሲደርቅ እናትና ልጅ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ይመደባል። መጀመሪያ የሚቀረው ፊት መታጠብ ነው። የዓይን ማዝ፣ በሕክምና ስሙ ትራኮማ፣ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው። ዝንብ ባልታጠበ ፊት ላይ ታርፋለች። ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ታደርሳለች። የአማራ ክልል ለረጅም ጊዜ ትራኮማ በዓለም ላይ በጣም ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ትራኮማን አልፈጠረም። መከላከያውን ውሃ ግን ይወስዳል።

የጎተራው እርጥበት

ጎጃም ጤፍና በቆሎ ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገ አገራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው ከሚገባው ቁመት በታች መሆኑ ነው። በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ይመጣል። የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። እህል መኖሩ ብቻ ልጅ አያሳድግም ማለት ነው። የእህሉ ዓይነት፣ የልጁ ተቅማጥ፣ የእናቱ ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል።

አየሩ በዚህ ላይ በሁለት መንገድ ይጨምራል። አንዱ የታወቀ ነው፤ ዝናብ ሲዘገይ ወይም በረዶ ሲወርድ ምርት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኞ የክረምቱን ዝናብ ሲያዛባ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ፈልጎ ነበር። ኤልኒኞ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የሚመጣ ተፈጥሯዊ ክስተት ነው፤ የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም። ሁለቱ ሲደራረቡ ግን ጉዳቱ ይከፋል።

ሌላው ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ያልተሰበሰበውን በቆሎና ክምሩን ያረጥባል። ገበሬው እህሉን ሳይደርቅ ወደ ጎተራ ይከታል። እርጥብ እህል ይሞቃል፤ ይሻግታል። ከሻጋታው የሚወጣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ሽታም ጣዕምም የለውም። መቀቀልና መጋገር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለዓመታት ሲበላ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። የሻገተው በቆሎ ለከብት ቢሰጥም ነገሩ አያልቅም። መርዙ በላሟ ወተት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እህሉን ሸራ ላይ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት የጤና ሥራም ነው።

አየሩ ነው ወይስ ሌላ?

ወደ ክርክሩ እንመለስ። ወባ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 አካባቢ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ሕሙማን ወርዶ ነበር። በ2023 የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ደረሰ። በ2024 ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ 7.3 ሚሊዮን አለፈ። ሙቀቱ ግን በአሥር ዓመት የሚጨምረው ከአንድ ዲግሪ ሲሶ በታች ነው። አራት አምስት ዓመት ውስጥ የታየውን እንዲህ ያለ ዝላይ አየሩ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም። «ሁሉም የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። ኃላፊነት ያለበትንም አካል ነጻ ያወጣል።

ሌሎቹ ምክንያቶች ይታወቃሉ። ቢንቢዋ የሚረጩትን ፀረ ነፍሳት ኬሚካሎች መላመድ ጀምራለች። አንዳንድ ጥገኛ ተህዋሲያን በፈጣን የደም ምርመራ እንዳይያዙ ሆነው ተለውጠዋል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣችና በከተማ የውሃ በርሜል የምትራባ ቢንቢ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ተገኝታለች። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ አጎበርና መድኃኒት አይደርስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት መዞር ያቅታታል። ታማሚው ጤና ኬላ ሳይደርስ ቀናት ያልፋሉ። በወባ ደግሞ አንድ ቀን ትልቅ ነው።

በሌላ በኩል «አየሩ ምንም አላመጣም» የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ከሙቀቱ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባው ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ በሆኑት ሲወርድ ታየ። ጦርነት በየትኛውም ከፍታ ሊኖር ይችላል። ወባ ግን ቢንቢዋና ሙቀቱ ካልፈቀዱ 2,300 ሜትር ላይ አይሰራጭም።

የእኔ አረዳድ እንዲህ ነው። ወባ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚወስነው በዋናነት አየሩ ነው። ስንት ሰው እንደሚታመምና እንደሚሞት የሚወስነው ግን አጎበሩ፣ መድኃኒቱ፣ መንገዱና ሰላሙ ነው። ሁለቱን የሚያጋጭ ክርክር ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ደግሞም ለውጡ ሁልጊዜ ወደ መጥፎ ብቻ አይሄድም። በጣም በጋለ ቆላ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቢንቢዋ ራሷ ዕድሜዋ ያጥራል። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚኖረው ግን ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ለጎጃም አይመችም።

ከፊት ያለው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2030 እስከ 2050 ባሉት ዓመታት የአየር ንብረት ለውጥ በምግብ እጥረት፣ በወባ፣ በተቅማጥና በሙቀት ምክንያት በዓመት 250,000 ተጨማሪ ሞት እንደሚያስከትል ይገምታል። አራቱም ከላይ ተነስተዋል። ለጎጃም አዲስ የሆነ አንድም የለም።

አዲሱ ነገር ቦታውና ጊዜው ነው። ለዚህም የተሞከሩ መንገዶች አሉ። በአማራ ክልል ኤፒዴሚያ የተባለ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተሞክሮ ነበር። ከሳተላይት የሚገኘውን የዝናብና የሙቀት መረጃ ጤና ድርጅቶች በየሳምንቱ ከሚልኩት የሕሙማን ቁጥር ጋር ያገናኛል። ወረርሽኝ ሊነሳ የሚችልበትን ወረዳ ከሳምንታት በፊት ያመለክታል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሳካው ግን ሳምንታዊው ሪፖርት ሲመጣ ነው። ኔትወርክና መንገድ በሌለበት ሳተላይቱ ብቻውን ይቀራል።

የአጎበር ክፍፍሉም በ2,000 ሜትር መስመር ሳይሆን በየቀበሌው በሚታየው የሕሙማን ቁጥር መሠረት ሊሆን ይገባል። ቡሬ አካባቢ የበቆሎ ማሳና የመኖሪያ ቤት ርቀት በጤናም በግብርናም ባለሙያ አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው።

በጣም ርካሹ ለውጥ ግን የሚጀምረው ከካርድ ክፍል አልፎ ካለው ጠረጴዛ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከ2,000 እስከ 2,400 ሜትር ባሉ ከተሞች ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጣቱ ተወግቶ ደሙ ይታይ። «ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ። መልሱ «አልወረድኩም» ከሆነና ምርመራው ወባ ካለ፣ ያ ካርድ ወደ መደርደሪያው ከመመለሱ በፊት ለወረዳው መደወል አለበት። ያ ሰው የተነደፈው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ነውና።